ስም እስኪወጣላት ድረስ ያልታየችው ሸረሪት

እ.ኤ.አ. በ2003 ፖላንዳዊቷ የሸረሪት ተመራማሪ ዋንዳ ቬሶዎቭስካና በኒውዚላንድ የካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የሆኑት ሮበርት ጃክሰን ከምስር ፍሬ የማትበልጥ አንዲት ሸረሪት ለሳይንስ አዲስ ዝርያ መሆኗን በጽሑፍ አስታወቁ። ሸረሪቷ የተገኘችው ሰው ባልደረሰበት ጥቅጥቅ ደን ውስጥ አይደለም። በምዕራብ ኬንያ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ፣ ሰዎች በሚኖሩባቸው ቤቶች ግድግዳና በደጃቸው በበቀለው ሣር ላይ ነው። የአካባቢው ሕዝብ ከእርሷ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ኖሯል፤ ሳይንስ ግን እስከዚያች ዓመት ድረስ መጠሪያ እንኳ አልሰጣትም ነበር።

የወጣላት ስም ኢቫርካ ኩሊሲቮራ ይባላል። የመጀመሪያው ቃል የወገኗ መጠሪያ ሲሆን ሁለተኛው በላቲን ቋንቋ «ትንኝ በል» ማለት ነው። ስሙ በዘፈቀደ የተሰጠ አይደለም። ይህች ሸረሪት በዙሪያዋ ከሚርመሰመሱት ነፍሳት ሁሉ መርጣ የምታድነው ደም የጠጣችውን ሴት ትንኝ ነው፤ ከትንኞችም መካከል ወባ አስተላላፊዋን አኖፊለስን ታስበልጣለች።

ጉዳዩ ከእኛ አካባቢ የራቀ አይደለም። በወልቂጤ አቅራቢያ ባለው የግቤ ሸለቆም ሆነ ከቡታጅራ ቁልቁል በሚወርዱት ቆላማ ቀበሌዎች ወባ ምን እንደሆነ ለነዋሪው መንገር አያስፈልግም። በቡታጅራ ዙሪያ የተካሄዱ ጥናቶችም በሽታው ቀድሞ ከወባ ነፃ ናቸው ይባሉ በነበሩ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ባሉ ስፍራዎች ጭምር እንደሚገኝ አሳይተዋል። ስለዚህ በግድግዳችን ላይ፣ በእንሰታችን ሥርና በማሳችን ድንበር የሚኖሩት ጥቃቅን ፍጥረታት እነማን እንደሆኑና ምን እንደሚሠሩ ማወቅ ለጤናም ለእርሻም የሚጠቅም ዕውቀት ነው።

ትንሽ ሲባል ምን ያህል ነው?

በዕለት ተዕለት ንግግር ሸረሪትን ከነፍሳት ጋር አንድ አድርጎ መጥራት የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ሸረሪት ነፍሳት ከሚባሉት ወገን አይደለችም። ትንኝ፣ ጉንዳንና ንብ ስድስት እግር ሲኖራቸው ሸረሪት ስምንት አላት። የእነርሱ አካል በራስ፣ በደረትና በሆድ ሲከፈል የእርሷ አካል ግን ሁለት ክፍል ብቻ ነው። ክንፍም ሆነ በግንባር ላይ የሚበቅል ቀንድ መሰል መዳሰሻ የላትም። ከነፍሳት ይልቅ የቅርብ ዘመዶቿ ጊንጥና መዥገር ናቸው።

መጠናቸው እጅግ ይለያያል። ያደገች ኢቫርካ ኩሊሲቮራ ርዝመቷ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ጫጩቶቿ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ናቸው። አንድ የጤፍ ፍሬ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት አለው ብለን ብናስብ የጫጩቷን መጠን መገመት አይከብድም። ከዚህም የሚያንሱ አሉ። በኮሎምቢያ ተገኝታ እ.ኤ.አ. በ1977 የተመዘገበችው ፓቱ ዲጉዋ የተባለች ሸረሪት ወንዱ 0.37 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ከጤፍ ፍሬ ግማሽ እንኳ አይሞላም።

እንዲህ ያለ ፍጡር አእምሮውን የት ያኖረዋል የሚለው ጥያቄ ተመራማሪዎችን አስገርሟል። በፓናማ የሚገኘው የስሚዝሶኒያን የሐሩር ክልል ምርምር ተቋም ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት፣ በጣም ጥቃቅን በሆኑ ሸረሪቶች ማዕከላዊው የነርቭ ሥርዓት የአካላቸውን ውስጠኛ ክፍተት 80 በመቶ ገደማ እንደሚሞላ፣ አልፎም ወደ እግሮቻቸው እንደሚዘልቅ አረጋግጠዋል። ትንሽ መሆን ማለት ሥራ አለማወቅ ማለት አለመሆኑን ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

አዲስ ዝርያ እንዴት ይታወቃል?

«አዲስ ዝርያ ተገኘ» ሲባል ፍጡሩ ትናንት ተፈጠረ ማለት አይደለም። ቀድሞ ያልተመዘገበ፣ መለያው ያልተጻፈና ስም ያልወጣለት ነበር ማለት ነው። ይህን ለማለትም ረጅም ሥራ ይጠይቃል።

ተመራማሪው ሸረሪቶቹን ከሣር፣ ከቅጠል ፍርስራሽና ከዛፍ ልጣጭ ላይ ሰብስቦ በአልኮል ውስጥ ያስቀምጣል። የተሰበሰቡበት ቀን፣ ቦታና ከፍታ በትንሽ ወረቀት ተጽፎ አብሮ ይቀመጣል፤ ይህ ወረቀት ከሌለ ናሙናው ዋጋ የለውም ማለት ይቻላል። ቀጥሎ በማይክሮስኮፕ እየታየ የእያንዳንዱ እግር አንጓ ይለካል፤ የዓይኖቹ አቀማመጥ፣ የፀጉሩና የእሾሁ አሰላለፍ፣ የቀለሙ ሁኔታ ይጻፋል።

ወሳኙ መለያ ግን ቀለም አይደለም፤ የመራቢያ አካል ቅርጽ ነው። በወንዱ ሸረሪት አፍ አጠገብ ያሉት ሁለት አጫጭር እጆች መሰል አካላትና በሴቷ ሆድ ሥር ያለው ጠንካራ ክፍል እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ናቸው። ከላይ ሲታዩ ፈጽሞ አንድ የሚመስሉ ሁለት ሸረሪቶች በዚህ አካላቸው ቅርጽ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። ስለሆነም ተመራማሪው ይህን ክፍል በጥንቃቄ ሥሎ፣ ከዚያ በፊት ከተመዘገቡት ዘመዶቹ ሁሉ ጋር ያነጻጽራል።

ልዩነቱ ከተረጋገጠ በኋላ አንድ ናሙና የዝርያው ዋና ምስክር ሆኖ ይመረጥና በሙዚየም ይቀመጣል። ወደፊት ክርክር ቢነሳ ዳኛው ያ ናሙና ነው። ከዚያም ሁለት ቃላት ያሉት ሳይንሳዊ ስም ወጥቶለት መግለጫው በሙያው መጽሔት ይታተማል። ለሸረሪቶች በዚህ ሥርዓት ስም ማውጣት የተጀመረው ስዊድናዊው ካርል ክሌርክ እ.ኤ.አ. በ1757 ባሳተመው መጽሐፍ ነው። በስዊዘርላንድ የበርን ከተማ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚያስተዳድረው የዓለም ሸረሪቶች መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2022 50,000ኛውን ዝርያ መዝግቧል። ከ260 ዓመታት በላይ ተሠርቶም መዝገቡ ገና አልተዘጋም፤ በየዓመቱ አዳዲስ ስሞች ይገቡበታል።

ትንኝን ከትንኝ የምትለይ አዳኝ

ኢቫርካ ኩሊሲቮራ ዘላይ ሸረሪቶች ከሚባሉት ወገን ናት። እነዚህ ሸረሪቶች ድር ዘርግተው አይጠብቁም። ያደነውን በዓይናቸው አይተው፣ እንደ ድመት አድብተው፣ ዘለው ይይዛሉ። ከስምንቱ ዓይኖቻቸው ከፊት ያሉት ሁለቱ ትልልቅ ሲሆኑ ለመጠናቸው የማይታመን ጥራት ያለው እይታ ይሰጧቸዋል። በቀን ብርሃን በግድግዳ ላይ እየተንቀሳቀሰች፣ ሰው ሲጠጋት ዞር ብላ ትክ ብላ የምታይ አጭር እግር ያላት ሸረሪት ያየ ሰው የዚህን ወገን አንድ አባል አይቷል ማለት ነው።

በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ ሰውን የማይነክሱ፣ ትንኝ የሚመስሉ ጥቃቅን ዝንቦች እንደ ደመና ይወጣሉ። ሸረሪቷ እነርሱን ብቻ እየበላች መኖር ትችል ነበር። ሮበርት ጃክሰንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ጥናት ግን ምርጫ በተሰጣት ጊዜ ሁሉ ደም ወደ ጠጣችው ሴት ትንኝ እንደምታዘነብል አሳየ። በሙከራው ነፍሳቱ እንዳይንቀሳቀሱ ተደርገው ቀርበውላት እንኳ በመልካቸው ለይታለች። ነፍሳቱን ሳታይ ጠረናቸው ብቻ ሲደርሳትም ወደ ደም ጠጪዋ ትንኝ ጠረን ሄዳለች።

ጫጩቶቿ የሚጠቀሙበት ዘዴ የበለጠ ያስደንቃል። አኖፊለስ ትንኝ ስታርፍ እንደ ሌሎች ትንኞች አካሏን ከግድግዳው ጋር ትይዩ አታደርግም፤ ጭንቅላቷን ዝቅ፣ ሆዷን ከፍ አድርጋ ትቀመጣለች። ከትንኟ የምታንሰው ጫጩት ሸረሪት ይህን አቀማመጥ አይታ ዙሪያ ጥምጥም ትሄድና ከኋላ በመምጣት ከፍ ካለው ሆድ ሥር ትገባለች፤ ከዚያ ወደ ላይ ተወርውራ ትይዛታለች። አንባቢም ወባ አስተላላፊዋን ትንኝ ከሌሎች ለመለየት ይህንኑ ምልክት ሊጠቀም ይችላል።

ሸረሪቷ ራሷ ሰውን ነክሳ ደም አትመጥም፤ የአፏ አሠራር ለዚያ አልተሠራም። የሰውን ደም የምታገኘው በትንኟ ሆድ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሌላ ጥናትም ሰው አድርጎት የዋለ ካልሲ ጠረን እንደሚስባት አረጋግጧል፤ የእግር ጠረን አኖፊለስንም ስለሚስብ አዳኝና ታዳኝ ወደ አንድ ቤት ይመጣሉ ማለት ነው። ከዕፅዋት ደግሞ በእኛም አገር በአጥርና በመንገድ ዳር የሚታዩት የወፍ ቆሎና ጉሎ ጠረናቸው ሸረሪቷን እንደሚስብ ታውቋል።

ይህ ለምን ቁም ነገር ሆነ? ትንኝ ከወባ ሕሙም ደም በጠጣች ቅጽበት ወባን አታስተላልፍም። ጥገኛ ተሐዋሲው በአካሏ ውስጥ አድጎ ለማስተላለፍ እስኪደርስ እንደ አየሩ ሙቀት 10 ቀንና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ደም ጠጥታ ግድግዳ ላይ ያረፈች ትንኝ በዚያች ሰዓት ብትገደል ወደ ሌላ ሰው ሊሄድ የነበረው በሽታ ከመንገድ ቀረ ማለት ነው። የቤት ውስጥ የፀረ ወባ ኬሚካል ርጭት የሚሠራው በዚሁ መርሕ ነው፤ ሸረሪቷም የምታድነው በዚያው ቦታና በዚያው ሰዓት ነው።

የአገራችን ሸረሪቶች ታሪክ

ይህች ዝርያ በጽሑፍ የሰፈረው መገኛዋ የቪክቶሪያ ሐይቅ አካባቢ ነው፤ በጉራጌ ቤቶች ግድግዳ ላይ የምትታየው ዘላይ ሸረሪት እርሷ ናት ማለት አይደለም። ነገር ግን የእርሷ ታሪክ በአገራችን ሸረሪቶች ላይ የቀረውን ሥራ ያሳያል።

የኢትዮጵያ ሸረሪቶች ወደ ሳይንስ መዝገብ መግባት የጀመሩት ከመቶ ዓመት በፊት ነው። ጣሊያናዊው ፒየትሮ ፓቬዚ በሸዋ መንግሥት የተሰበሰቡትን ሸረሪቶች እ.ኤ.አ. በ1883 በጄኖዋ ሙዚየም መጽሔት ገለጸ። ከእ.ኤ.አ. 1906 ጀምሮ ደግሞ ኖርዌያዊው ኤምብሪክ ስትራንድ ጀርመናዊው ተጓዥ ካርሎ ፎን ኤርላንገር ሰብስቧቸው የነበሩ ሸረሪቶችን መዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1996 ብሪታንያውያኑ ፒተር ሜሬትና አንቶኒ ረስል ስሚዝ ሊኒፊዴ ከተባለው የጥቃቅን ድር ሠሪዎች ቤተሰብ አዳዲስ የኢትዮጵያ ዝርያዎችን ገለጹ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ትንኝ በሏን ሸረሪት የሰየሙት እኚያው ዋንዳ ቬሶዎቭስካ ከቤያታ ቶማሼቪች ጋር ስለ ኢትዮጵያ ዘላይ ሸረሪቶች አዳዲስ ዝርያዎች ጽፈዋል።

እነዚህ ሥራዎች ትልቅ ውለታ ናቸው። ሆኖም የሚነግሩን በአብዛኛው የሸረሪቷን መልክና መጠን ነው። ምን እንደምትበላ፣ መቼ እንደምትራባ፣ በእርሻ ወይም በቤት ውስጥ ምን ጥቅም እንዳላት ለማወቅ ቦታው ላይ ተቀምጦ መመልከት ይጠይቃል። የኬንያዋ ሸረሪት ስም ባገኘች በሁለት ዓመት ውስጥ ልዩ ጠባይዋ የታወቀው ተመራማሪዎች በሐይቁ ዳርቻ ተቀምጠው ስላጠኗት ነው።

በጥያ የቆሙት 36 ትክል ድንጋዮች ተቆጥረውና ተለክተው እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በድንጋዮቹ ስንጥቅ፣ በዙሪያቸው ባለው ሣርና በየጓሮው እንሰት የቅጠል ብብት ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን ፍጥረታት ግን ቆጣሪያቸውን ይጠብቃሉ።

ስም ማውጣት ለአርሶ አደሩ ምን ይጠቅማል?

ስም ማውጣት የምሁራን ቅንጦት ለሚመስለው ሰው ከራሳችን ጓሮ ምሳሌ መጥቀስ ይቻላል። በደቡባዊ የአገራችን ክፍል በእንሰት ሥርና ኮረም ላይ ተጣብቆ የሚመጥ፣ ነጭ ዱቄት የለበሰ የሚመስል ጥቃቅን ተባይ አለ፤ ባለሙያዎች የእንሰት ሥር ሚሊባግ ይሉታል። ይህ ተባይ ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኖ በእንሰት ስም የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ማንነቱ ተለይቶ ከታወቀ በኋላ በተበከለ ችግኝ ከማሳ ወደ ማሳ እንደሚዛመትና ጉንዳኖች እንደሚንከባከቡት ስለተጠና፣ ንጹሕ ችግኝ መትከል ቀዳሚ መከላከያ መሆኑን በእርግጠኝነት መምከር ተችሏል። ጠላትን ለይቶ ማወቅ እንዲህ ከጠቀመ ወዳጅን ለይቶ ማወቅም ይጠቅማል።

ሸረሪት በማሳ ውስጥ ወዳጅ ናት። ክሽክሽን፣ ጥቃቅን ዝንቦችን፣ የእሳት እራቶችንና ገና የተፈለፈሉ ትሎችን ትበላለች። የስዊዘርላንዱ ማርቲን ኒፍለርና ባልደረባቸው ክላውስ ቢርክሆፈር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ስሌት የዓለም ሸረሪቶች በዓመት ከ400 እስከ 800 ሚሊዮን ቶን የሚደርስ ታዳኝ እንደሚመገቡ ገምተዋል። አንዲቷ ሸረሪት የምትበላው ከቁጥር የማይገባ ቢሆንም ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው የብዛታቸው ውጤት ከባድ ነው።

ችግሩ ፀረ ተባይ ኬሚካል ወዳጅና ጠላትን አለመለየቱ ነው። በበርበሬ፣ በቲማቲም ወይም በጥቅል ጎመን ማሳ ላይ ተባዩ ሳይታይ በልማድ የሚረጭ ኬሚካል ሸረሪቶቹንም ይገድላል። ክሽክሽ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተራብቶ ሲመለስ ሸረሪቶች ግን ቁጥራቸውን ለመተካት ረጅም ጊዜ ይፈልጋሉ። በዚህ መካከል ተባዩ ከበፊቱ በርትቶ ይታያል፤ አርሶ አደሩም ደግሞ ለመርጨት ይገደዳል። ወጪው ይጨምራል፤ ተባዩም ኬሚካሉን እየተላመደ ይሄዳል።

በቤትና በማሳ ምን እናድርግ?

በቅድሚያ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። የትኛዋም ሸረሪት የአጎበርን፣ የቤት ውስጥ ርጭትንና የሕክምናን ቦታ አትተካም። ትንኝ በሏ ሸረሪት በምትኖርበት በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ እንኳ ወባ አልጠፋም። አጎበር በየሌሊቱ መጠቀም፣ ለፀረ ወባ ርጭት የሚመጡ ባለሙያዎችን ማስተናገድ፣ ያቆረ ውሃን ማፋሰስና ትኩሳት በተሰማ በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ሄዶ መመርመር አሁንም ዋናዎቹ መከላከያዎች ናቸው።

ከዚህ ጋር ግን በግድግዳ ላይ የምትዘልን ትንሽ ሸረሪት ያለ ምክንያት መግደል ጥቅም የለውም። በየሰፈሩ በቆዳ ላይ ድንገት ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ሲወጣ «ሸረሪት ሸንታበት ነው» ሲባል ይሰማል። አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ስም የሚጠራው፣ በአንድ ወገን እንደ መቀነት ተሰልፎ የሚወጣውና የሚያቃጥለው ሕመም አልማዝ ባለጭራ ነው። መንስኤውም በልጅነት ጉድፍ የሚያስይዘው ቫይረስ በአካል ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ሲቀሰቀስ ነው፤ ከሸረሪት ጋር ግንኙነት የለውም። ሕክምናው ቶሎ ሲጀመር የበለጠ ስለሚረዳ፣ በተለይ ሽፍታው በዓይን አካባቢ ከወጣ፣ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል።

በማሳ ደግሞ ከመርጨት በፊት መመልከት ይቅደም። በማለዳ ጤዛው ሳይረግፍ በማሳው ውስጥ በተለያየ ቦታ ቆም ብሎ የቅጠሉን ጀርባ ማገላበጥ፣ ተባዩ ምን ያህል እንደሆነ፣ ሸረሪቶችና ሌሎች የተባይ ጠላቶች መኖራቸውን ማየት ያስፈልጋል። ተባዩ ጥቂት ከሆነና አዳኞቹ ካሉ ጥቂት ቀናት ታግሦ ደግሞ ማየት ኬሚካልም ገንዘብም ያድናል። መርጨት ግድ ከሆነ የልማት ጣቢያ ሠራተኛን አማክሮ፣ ለተባዩ የተፈቀደውን ኬሚካል በታዘዘው መጠን ብቻ መጠቀም ይገባል። የማሳ ድንበርን ሣርና ቁጥቋጦ ጨርሶ አለመመንጠርና አለማቃጠል፣ በእንሰት ሥር የደረቀ ቅጠል ጉዝጓዝ መተው ለሸረሪቶች መጠለያ ይሆናል።

በየትምህርት ቤቱ ያሉ የሥነ ሕይወት መምህራንና ተማሪዎችም ድርሻ አላቸው። በግቢያቸው የሚያዩትን ሸረሪት ፎቶ አንሥቶ ቀኑን፣ ቦታውንና ስትበላ የታየችውን መመዝገብ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የኬንያዋን ሸረሪት ያሳወቃት የተሰበሰበው ናሙናና የጠባይዋ ትዕግሥተኛ ክትትል ነው፤ የእኛዎቹም የሚታወቁት በዚሁ መንገድ ነው።